አርባ ሦስተኛው ቅጂ

ለተከበሩ የኮሌጁ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዋናው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለበት ቢሮ

ጉዳዩ፦ ካባዛሁት ልፈተነው ስለማልችል፣ ካላባዛሁት ደግሞ ስለማይኖር ፈተና

የተከበሩ ጌታዬ ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ከእጅዎ ስትገባ እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በመስኮትዎ ደፍ ላይ በየጠዋቱ ውሃ የሚጠጡት አበቦች በሙሉ ጤናና በሙሉ ልምላሜ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም፣ የልጆቼ አባትም፣ ሦስቱ ሴት ልጆቼም፣ አማቴም ደኅና ነን። የማባዣ ማሽኑም ደኅና ነው። በሰላምታ መሐል የማሽን ጤንነት ማንሣቴ እንደ ነውር እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በዚህ ሳምንት በእኛ ቤት ከማሽኑ ጤንነት የበለጠ የሚያሳዝን ነገር ስላልተገኘ ነው፣ ምክንያቱንም ወረድ ብዬ አቀርባለሁ።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለመዳፈር አይደለም። በዝግ ፖስታ ያቀረብኩልዎት ማመልከቻዎች ሁሉ «ለሚመለከተው ክፍል» ተብለው ተመርተው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደዚያው ወደ እኔ ክፍል ተመልሰው ስለመጡ፣ ይህኛውን ቢያንስ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ያንብበው ብዬ ነው።

ምናልባት በመልክ አያውቁኝ ይሆናል። በምድር ቤት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን፣ በሯ ላይ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በተለጠፈባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የማባዣ ማሽን ያንቀሳቀስኩት ሴት ነኝ። ወረቀቱንም ያባዛሁት እኔ ነኝ። የመመዝገቢያ ቅጾች፣ የእርስዎ ማስታወቂያዎች፣ የሴሚስተር ፈተናዎች፣ በምርቃት ዕለት ለእንግዶች የሚታደለው የተመራቂዎች ስም ዝርዝር፣ ባጠቃላይ በዚህ ግቢ ውስጥ ከአንድ ቅጂ በላይ ያለው ነገር ሁሉ በእጄ ያለፈ ነው። ከጣቶቼ የማይለቀውን ጥቁር ቀለም አይተው መምህራኑ «ቀለሚት» ይሉኛል፤ እኔም ለምጄዋለሁ፣ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ የኮሌጁ ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ በነጻ መማር እንደሚችሉ የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዳባዛ ተሰጠኝ። ትእዛዙ ሁለት መቶ ቅጂ ነበር። የማባዣ ሠራተኛ የምታባዛውን አታነብም፤ የምታየው ጠርዙ አለመቆረጡን፣ ቀለሙ እኩል መድረሱን፣ ገጹ አለመገልበጡን ብቻ ነው። ያን ቀን ግን መቶ ሃያኛው ላይ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ቆመና፣ እስካላቅቀው ድረስ በእጄ የያዝኩትን አነበብኩት። የመጨረሻ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬ ነበር። በሳምንቱ ለሥራ አመራር ትምህርት ተመዘገብኩ። ያቺ ልጅ አሁን አራተኛ ክፍል ናት፤ እናቷ ደግሞ እንደተመዘገበች አለች።

እነዚህ አሥር ዓመታት እንዴት እንዳለፉ በዝርዝር አላደክምዎትም። በምሳ ሰዓት በወረቀት እሽግ ላይ ተቀምጬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በልብስ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ደብተር አስደግፌ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ አንዳንዴም በጤና ጣቢያ ወረፋ የልጄን ትኩስ ግንባር በአንድ እጄ ይዤ በሌላው እያሰመርኩ አጠናሁ። የልጆቼ አባት መካኒክ ነው፤ የተሰበረ ማሽን ይጠግናል፣ የጎደለ መለዋወጫ ከብረት ቆርጦ ይሠራል። ክፍል ባለኝ ቀን ሁሉ ልጆቹን የሚያጥብ፣ የሚያበላና የሚያስተኛ እሱ ነበር። የልጅ ፀጉር መጎንጎንም ተማረ፤ መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ከነፋስ ጋር የተጣሉ መስለው ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ አሁን ግን የሰፈሩ እናቶች እሱን ነው የሚጠይቁት። አማቴ «ተማሪዋ» ይሉኛል። በመጀመሪያው ዓመት በአሽሙር ነበር፤ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ግን ይህን ቃል ለጎረቤት ሲናገሩ አንገታቸውን ቀና እንደሚያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

በደንባችን መሠረት ትምህርቱን በአሥር ዓመት ያላጠናቀቀ ተማሪ ያለፋቸው ኮርሶች በሙሉ ይሰረዛሉ። ዘንድሮ አሥረኛዬ ነው። አርባ አንድ ኮርስ አልፌያለሁ፤ የቀረኝ አንድ ነው፣ ስታቲስቲክስ። ፈተናው ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከእኔ ክፍል በላይ ባለው አዳራሽ ውስጥ ይሰጣል።

ያው ደንብ «ፈተና በማባዛት፣ በመቁጠር ወይም በማሸግ የተሳተፈ ማንኛውም ሰው ያንን ፈተና መፈተን አይችልም» ይላል። አንቀጹን አልነቅፍም። ትክክል ነው፤ ንጹሕ አንቀጽ ነው፤ ባባዛሁት ቁጥር በልቤ «ይበል» ያልኩለት ነው። ስምንት ዓመትም አልቸገረኝም፤ ምክንያቱም አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አባባ እያልኩ የምጠራቸው። የእኔ ኮርስ ፈተና በመጣ ቁጥር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ልጄ፣ ሂጂ ጠመኔ ቁጠሪ» ይሉኝ ነበር። እኔም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ እሄድና፣ እሳቸው አባዝተው አሽገው በሩን እስኪያንኳኩልኝ ድረስ የኮሌጁን ጠመኔ በየሣጥኑ እቆጥር ነበር። ግምጃ ቤቱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። አባባ አምና ጡረታ ወጡ። ቦታቸው ከዚያ ወዲህ «በጥናት ላይ» ነው፤ ጥናቱ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ባላውቅም፣ ትምህርት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ የማውቅ ሰው ነኝና አልቸኩልበትም።

አምና በዚሁ ምክንያት የስታቲስቲክስ ፈተና ሳልፈተን ቀረሁ። ዘንድሮ እንዳይደገም ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንሥቶ ደጅ ጠንቼ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ላደረገልኝ ትብብር በተራ በተራ ማመስገን ስለሚገባኝ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ፈተናውን ሌላ ሰው እንዲያባዛው ለጠየቅሁት ፈጣን ምላሽ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ማሽኑ ከብዙዎቹ መምህራን በዕድሜ ይበልጣል፤ የወረቀት ትሪውን በጭን ገፋ አድርገው ጠቅ የሚለውን ድምፅ ካልሰሙ በስተቀር እሺ አይልም። ይህንንም የምናውቀው እኔና አባባ ብቻ ነበርን። ጸሐፊዎን ልከውልኝ ሳሳያት፣ ትሪውን በእጇ ገፋችውና ማሽኑ ሦስት ወረቀትና የእጅጌዋን ቁልፍ ጎረሰባት። በማግሥቱ ከተመደበችው ሠራተኛ በቀር ማሽኑን ማንም እንዳይነካ የሚያዝ ማስታወቂያ ከጽሕፈት ቤትዎ ወጣ። በአሥር ቅጂ አባዛሁት።

ሁለተኛ፣ ፈተናው ከግቢ ውጭ እንዲባዛ ላቀረብኩት ሐሳብ፣ ፈተና ከግቢ እንደማይወጣ በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሲበላሽ ብቻ፣ ያውም ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ሪፖርት ከተደረገ፣ በጥበቃ ታጅቦ ወደ እህት ኮሌጅ እንደሚላክ ጨምረው ነገሩኝ። ይህቺን ነገር በልቤ ያዝኳት።

ሦስተኛ፣ የስታቲስቲክሱን መምህር በተመለከተ። ወጣት ነው፤ ያነበበውን ለሰው ለማስረዳት ሲል ጠመኔ እስኪያልቅበት የሚጽፍ ልጅ ነው። ችግሬን ሲሰማ ለእኔ ብቻ የሚሆን ሌላ ፈተና አምስት ገጽ ሙሉ በእጁ ጽፎ፣ አሽጎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገባ። እርስዎም በኮምፒውተር ያልተጻፈ፣ በማባዣ ክፍል ያላለፈና ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ፈተና ሊባል እንደማይችል ጠቅሰው «በማባዣ ክፍል በኩል ይፈጸም» ብለው መሩት። ፖስታውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከፍቼ አባሪው ምን እንደሆነ ባወቅሁ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ገለበጥኩት፣ ግን ከፖስታው ላይ «ተቀብያለሁ» ብዬ ፈርሜ ነበርና ያም ፈተና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የማልፈተነው ፈተና ሆነ። መምህሩ ወሬውን ሲሰማ ግንባሩን በእጁ ያዘ። ለሁለታችንም ትምህርት ሆኖናል።

አራተኛ፣ የዓመት ፈቃዴን ስለፈቀዱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በፈተና ሳምንት የማባዣ ሠራተኛ ፈቃድ እንደማትወጣ እየታወቀ፣ ለእኔ ሲባል «ተፈቅዷል» ተብሎ ተጽፎልኛል፤ ከሥሩም «ተተኪ ሲገኝ» ይላል፤ ከዚያም ሥር ተተኪውን የምፈልገው፣ የማሠለጥነውና ለፈተና ምሥጢር ኮሚቴ የማቀርበው እኔ እንደሆንኩ ይገልጻል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ፣ ከፈተና በኋላ ነው። ቃለ ጉባኤውን ስለማባዛ ቀኑን በደንብ አውቀዋለሁ።

አምስተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሥራዬን ልልቀቅና እንደማንኛውም ሰው ልፈተን ባልኩዎት ጊዜ ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። በነጻ የምማረው ሠራተኛ በመሆኔ እንደሆነ አስታወሱኝ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «እህቴ፣ ሥራውን ከለቀቅሽ ተማሪ አትሆኚም፤ ካልለቀቅሽ ተፈታኝ አትሆኚም። እንግዲህ እኔ ምን ላድርግሽ?» የሚገርመው፣ ይህን ሲናገሩ ፊትዎ ላይ ክፋት አልነበረም። እውነትም ጨንቆዎት ነበር። ሻይም አዘዙልኝ፣ ሻዩም ጥሩ ነበር። ከደረጃው ስወርድ እርስዎን ልቀየም ፈልጌ የምይዝበት አጥቼ ተመለስኩ። ሰው የሚጣላው እንኳ ሲያጣ ሆድ ይብሰዋል።

ስድስተኛውን እንደ ምስጋና መጻፍ ስለከበደኝ እንደ ኑዛዜ ይቁጠሩልኝ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የአንደኛ ዓመት ፈተና እያባዛሁ ሳለ ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና ሮለሩ ቆመ። ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ጥርስ ያላት ትንሿ ክብ ብረት ሁለት ጥርሷ ወልቋል። እንዲህ ያለ ብረት ከተሠራ ዘመን ቆይቷል፣ ገበያ ላይ የለም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ልቤ ጮቤ ረገጠ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ በጣቴ ቆጠርኩ፣ ልክ አምስት የሥራ ቀን። ፈተናው ወደ እህት ኮሌጅ ይሄዳል፤ ሌላ ሰው ያባዛዋል፤ እኔ ጠመኔ እቆጥራለሁ። የብልሽት ሪፖርቱን በዚያች ደቂቃ ጽፌ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጥቼ ለጸሐፊዎ ሰጠሁ። በአሥር ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ተማሪ የመሰልኩበት ቀን የለም።

እርስዎ ግን ኃላፊነት የሚሰማዎት ሰው ነዎት። የግል ማኅደሬን አስወጥተው፣ የትዳር ጓደኛ በሚለው መስመር ላይ የልጆቼ አባት ሙያ ተጽፎ ባዩ ጊዜ ስልክ ደወሉለት።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እርስዎን አልወቅስም። አምና ሳልፈተን የቀረሁ ጊዜ ለቤተሰቤ ፈተናው ለዘንድሮ ተዛወረ ብዬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲያጥብ፣ ፀጉር ሲጎነጉን ለኖረ ሰው፣ ራሴ ባባዛሁት ወረቀት ምክንያት ቀረሁ ብሎ መንገር አሳፍሮኝ ነበር። ዘንድሮም መላ ይገኝ ይሆናል እያልኩ ዝም አልኩ። ስለዚህ የልጆቼ አባት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ የሚስቱ የመጨረሻ ፈተና ነው፣ ፈተናው የሚታተምበት ማሽን ደግሞ ተሰብሯል።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። የሥራ ሸሚዙን እንኳ ቀይሮ ነበር የመጣው፣ የእኔ መሥሪያ ቤት ስለሆነ። የተሰበረችውን ብረት ፈትቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጋራዡ ወሰዳት፣ ከምሳ በፊትም አዲስ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በዘይት አሽቶ ይዞ ተመለሰ። እኔ ባትሪ ይዤ አበራለት ነበር። ሮለሩን በእጁ አንድ ዙር አዞረው፤ ከዚያ ማሽኑን አስነሣነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ለስልሶ ሲሄድ ሰምቼው አላውቅም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዞሮ አየኝና «በይ እንግዲህ፣ ፈተናሽ አይቀርም» አለኝ። ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። እኔም እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። እርስዎ በዚያው ቀን የጻፉለት የምስጋና ደብዳቤ በጣም ያማረ ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ፣ ለእኔ ዲግሪ ብሎ ከሁለት ዓመት በፊት ራሱ በመታት ሚስማር ላይ አማቴ ለጊዜው ሰቅለውት ነበር።

ረቡዕ አልቻልኩም፤ ራት ላይ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አማቴ ጣልቃ ሳይገቡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አትፈተኚም ያሉሽ ሰዎችና አባዢው ያሉሽ ሰዎች ይተዋወቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ሰው እንደሆነ፣ ፊርማውም አንድ እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸው ቀለም አልቆጠሩም፣ ግን ነገሩ ገባቸው። ትንሿ ልጄ የስታቲስቲክስ ቀመሮቼን በካርቶን ቁርጥራጭ ላይ ጽፋ በየቀኑ የምትጠይቀኝ እሷ ናት። ካርቶኖቹን በላስቲክ አስራ ይዛቸው ነበር። «ፈተናውን አምነው ከሰጡሽ፣ አንቺን ለምን አያምኑሽም?» አለችኝ። መልሱ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ካለ፣ ጥያቄው የእኔ ሳይሆን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነ በቀላል አማርኛ እንዲሆን በትሕትና አመለክታለሁ።

የልጆቼ አባት ከሁሉም በኋላ ነው የተናገረው። ሳህኖቹን አነሣ፣ አጠበ፣ እጁን ጠረገ፣ ከዚያ አጠገቤ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብረቷን መልሼ ላውጣት?» አለኝ።

ጌታዬ፣ በዚህ ላይ እንዳልዋሽዎት። አሰብኩበት። በደንብ ነው ያሰብኩበት፣ ብረቷ በኪሱ ስትገባ ሁሉ በዓይነ ኅሊናዬ አይቻታለሁ። ግን ረቡዕ ነበር፤ የአምስቱ የሥራ ቀን ገደብ አልፏል። ማሽኑ ቢቆም ፈተናው ለሁሉም ነው የሚቀረው፤ ከጎኔ የምትቀመጠው ነርስ ለቅዳሜ ብላ ሁለት የሥራ ተራ ለውጣለች፣ ከኋላዬ ያለው የታክሲ ሾፌርም እንደ እኔው አሥረኛ ዓመቱ ነው። ስለዚህ ተወው አልኩት። እሱም እሺ አለኝ፤ ደብዳቤውን ግን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ትናንት ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የስታቲስቲክሱ ፈተና «አስቸኳይ» ተብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ከላዩ የማባዣ መጠየቂያ ቅጹ ተያይዟል፤ በእርስዎ እጅ የተሞላ ነው። የኮርሱ ስም አለ፣ የገጹ ብዛት አለ፣ የሚፈለገው ቅጂ ብዛት በሚለው ላይ ደግሞ «43» ይላል።

ክፍላችን ከእኔ ጋር አርባ ሦስት ነው። ከእኔ ውጭ አርባ ሁለት ነው።

ቁጥሩን ሳየው ተቀመጥኩ። ስሕተት ይሆናል፤ የተመዘገበውን ዝርዝር ቆጥረው የጻፉት ይሆናል፤ እኔን አስበው እንዳልሆነም አውቃለሁ። ቢሆንም ቆጥረውኛል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከጽሕፈት ቤትዎ ከደረሱኝ ወረቀቶች ሁሉ እኔን እንደ ተማሪ የቆጠረኝ ይህ ቅጽ ብቻ ነው፣ የመጣውም ለማባዣ ሠራተኛዋ ነው። ደግሞ ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ከአርባ ሁለት ላይ አላቆምኩም።

አንድም ጥያቄ አላነበብኩም። ጠርዙን፣ ቀለሙንና ገጹን ብቻ አየሁ። ማሽኑ አንድም ወረቀት አልነከሰም፤ የልጆቼ አባት እጅ እንዲህ ነው። አርባ ሦስቱንም ደርድሬ፣ ሰፍቼ፣ ቆጥሬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። የመጨረሻውን ቅጂ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቼ ነው የከተትኩት፤ ከላይ «የተማሪው ስም» የሚለው ባዶ መስመር ላይ ዓይኔ ስላረፈ ነው፣ ያንን ግን ማንበብ ይሉት እንደሆነ ኮሚቴው ይወስን። ከዚያ አሸግኩና ፈረምኩ።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ከአዳራሹ ሥር፣ በክፍሌ ውስጥ እገኛለሁ። በፈተና ሰዓት ወረቀት ቢጎድል ወዲያው ተጨማሪ እንዲባዛ የማባዣ ሠራተኛዋ በሥራ ቦታዋ ላይ መገኘት ግዴታዋ ነው። ሰዎቹ ሲገቡ ወንበር ሲጎተት ከጣሪያዬ በላይ ይሰማኛል፤ ከዚያ ሁሉም ጸጥ ሲል ፈተናው እንደተጀመረ አውቃለሁ። ፈተናው ሲያበቃ ያልተሠራበት ቅጂ ካለ ተቆጥሮ ለማባዣ ክፍል ይመለሳል። አንድ ይመለሳል። ተቀብዬ እፈርማለሁ።

እርስዎን የምለምነው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከደንብ ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም። አምና በፈተናው ስም መጥሪያ ላይ፣ በስሜ ፊት፣ ፈታኙ «ቀርታለች» ብሎ ጽፏል፤ በምክንያት ሥር ደግሞ «የግል» ይላል። ይህ ወረቀት በማኅደሬ ውስጥ አለ፣ ቅጂውም በእጄ ወጥቷል። ነገ እባክዎን እንደዚያ አያስጽፉብኝ። ሌላ የፈለጉትን ያስጽፉ፤ አልተፈተነችም ይበሉ፣ አልተፈቀደላትም ይበሉ፣ ቦታውንም ባዶ ይተዉት። ቀርታለች ግን አይበሉኝ። አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቀረሁም፣ ነገም አልቀርም፤ ከእግራችሁ ሥር ነኝ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለአበቦችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን ከምድር ቤት ወደ ሁለተኛ ፎቅ በታላቅ ትሕትና ወደ ላይ አቀርባለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣
የማባዣ ክፍል ሠራተኛና እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ተማሪ፣
ቀለሚት

ግልባጭ፦
– ለማስታወቂያ ሰሌዳው
– ለስታቲስቲክሱ መምህር፣ ከይቅርታ ጋር
– ለግል ማኅደሬ፣ ከአምናው ወረቀት ጀርባ እንዲያያዝ
– ለአማቴ (ትንሿ ልጄ ታነብላቸዋለች)

ማስታወሻ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም የሌለበት ጽሑፍ ከሰሌዳው ላይ እስከ ምሳ ሰዓት እንዲነሣ ታዟል፤ ስለዚህ ይህን የሚያነቡት ጠዋት ከሆነ ነው። ማኅተሙ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። የፈተና ፖስታ በበዛ ጊዜ ወደ ሁለተኛ ፎቅ መመላለስ እንዳያደክመኝ ብለው ከሦስት ዓመት በፊት የሰጡኝ ነው። በዚህ ደብዳቤ ላይ አልመታሁትም።